የባህር ዳርቻ ከተሞች ማራኪነትና የሽንሌ መስመር

ለኑሮም ሆነ ለጉብኝት የባህር ዳርቻ ከተሞች በዓለም ዙሪያ ተፈላጊ ናቸው። በዚህ ረገድ ስማቸው ቀድሞ የሚነሳው የሜዲትራኒያን ባህር ዳርቻ ከተሞች ናቸው። እንደ ኒስ፣ ኔፕልስና እስክንድርያ ባሉት ከተሞች ከሰኔ እስከ ነሐሴ ባሉት ወራት ሰማዩ ጠርቶ ዝናብ ስለሚጠፋና ከባህሩ የሚነሳው ነፋስ ሙቀቱን ስለሚያበርድ፣ የመሃል አገር ነዋሪ ወደ ዳርቻው ይወርዳል። በንጉሣዊው ዘመን የግብፅ መንግሥት የበጋ ሥራውን ከካይሮ ወደ እስክንድርያ ያዛውር እንደነበር ይታወቃል።

ለኢትዮጵያ ምሥራቃዊ ክፍል ቅርብ የሆነው የኤደን ባህረ ሰላጤ ዳርቻም የራሱ ማራኪነት አለው። ይሁን እንጂ የጉዞው አቅጣጫ ከሜዲትራኒያኑ ተቃራኒ ነው። እዚያ ሰው በሰኔና በሐምሌ ወደ ባህር ሲወርድ፣ እዚህ ከባህር ወደ ደጋ ይወጣል። ይህን ወቅታዊ እንቅስቃሴ ከሚያስተናግዱት ዋነኛ መስመሮች አንዱ በሶማሌ ክልል ሲቲ ዞን ዋና ከተማ በሽንሌ በኩል የሚያልፈው ነው።

የአየር ጠባዩ

በጅቡቲና በሰሜን ሶማሊያ ዳርቻ የሚገኘው ዝቅተኛ ሜዳ በሶማሊኛ ጉባን ይባላል፤ ትርጉሙም የተቃጠለ ማለት ነው። ከሰኔ እስከ ነሐሴ ነፋሱ ከደቡብ ምዕራብ የብስን አቋርጦ ስለሚመጣ ደረቅ፣ ሞቃትና አቧራ የተሸከመ ይሆናል። በጅቡቲ ከተማ ይህ ነፋስ ኻምሲን ተብሎ ይታወቃል፤ የቀኑ ሙቀትም ከ40 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በላይ ይደርሳል። ከኅዳር እስከ የካቲት ግን ነፋሱ ከሰሜን ምሥራቅ በባህር ላይ አልፎ ስለሚመጣ ሙቀቱ ወደ 30 ዲግሪ ዝቅ ይላል። የዳርቻው ጥቂት ዝናብም በአብዛኛው የሚዘንበው በዚሁ ወቅት ነው።

በአንጻሩ ካራን የሚባለው ዝናብ በሲቲና በጅግጅጋ አካባቢ የሚጥለው ከሐምሌ እስከ መስከረም ነው። ዳርቻው በሚነድበት ወቅት ደጋው ይለመልማል ማለት ነው። የአካባቢው አርብቶ አደሮች ከብቶቻቸውን በቀዝቃዛው ወቅት ወደ ጉባን፣ በሞቃቱ ወቅት ወደ ከፍታው የሚያንቀሳቅሱት በዚህ ምክንያት ነው።

ዋና ዋና የዳርቻ ከተሞች

እ.ኤ.አ. በ1888 የተመሠረተችው ጅቡቲ ዛሬ ለኢትዮጵያ ወጪና ገቢ ንግድ ዋነኛዋ ወደብ ናት። ጎብኚዎች በቀዝቃዛው ወቅት የሙሻና የማስካሊ ደሴቶችን ይጎበኛሉ፤ በታጁራ ባህረ ሰላጤም ዌል ሻርክ በሚል ስም የሚታወቀውን የዓለም ትልቁን ዓሣ ይመለከታሉ። ከባህረ ሰላጤው ማዶ የምትገኘው ጥንታዊቷ ታጁራ በሰባት መስጊዶቿ ትታወቃለች። ዘይላ ለረጅም ዘመን የሐረር የባህር በር ሆና አገልግላለች።

በርበራ የወቅቱን ኃይል ይበልጥ ታሳያለች። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከተማዋ በቀዝቃዛው ወራት የታላቅ ገበያ ማዕከል ትሆንና ሙቀቱ ሲበረታ ነዋሪዋ ይበተን ነበር። በኋላም የእንግሊዝ ቅኝ አስተዳደር በሞቃቱ ወቅት መቀመጫውን ወደ ሼክ ተራራማ ከተማ ያዛውር ነበር።

የሽንሌ መስመር

ከጅቡቲ ተነሥቶ እ.ኤ.አ. በ1897 መሠራት የጀመረው የባቡር ሐዲድ በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ደርሷል። ሐዲዱ ዳርቻውን ከሽንሌ ጋር በማገናኘቱ ቀደም ሲል በግመል ብዙ ቀናት ይፈጅ የነበረውን መንገድ አሳጥሮታል። እ.ኤ.አ. በ2018 መደበኛ አገልግሎት የጀመረው የኤሌክትሪክ ባቡርና ከድሬዳዋ እስከ ደወሌ የተዘረጋው የአስፋልት መንገድ የዞኑን ምድር አቋርጠው ያልፋሉ።

በየዓመቱ የትምህርት ቤቶች ዕረፍት ሲገባ በርካታ የጅቡቲ ቤተሰቦች በዚህ መስመር ወደ ድሬዳዋና ከዚያም በላይ ወዳሉት ከተሞች ይመጣሉ። ከባህር ጠለል በላይ ከ1,000 ሜትር ጥቂት ከፍ የምትለው ሽንሌ ራሷ ሞቃታማ ብትሆንም የመንገዱ በር ናት። ከ1,600 ሜትር በላይ ከፍታ ያላት ጅግጅጋ ደግሞ በቶጎ ውጫሌ በኩል ከሐርጌሳና ከበርበራ ለሚመጣው መንገደኛ ተመሳሳይ አገልግሎት ትሰጣለች።

ለአስተዳደር ያለው ፋይዳ

የወቅቱ እንግዳ ለቤት አከራዮች፣ ለወተትና ለሥጋ ነጋዴዎች፣ ለትራንስፖርት ሠራተኞች ገቢ ያስገኛል። በዚያው ልክ በውሃና በጤና አገልግሎት ላይ ጫና ይፈጥራል። ውሃ ሲያጥር በየቤቱ ክዳን በሌለው ዕቃ የሚጠራቀመው ውሃ የትንኝ መራቢያ ይሆናል። ድሬዳዋ እ.ኤ.አ. በ2013 የደንጊ፣ በ2019 የቺኩንጉንያ ወረርሽኝ አጋጥሟታል። እ.ኤ.አ. በ2015 ዝናቡ በመስተጓጎሉ በሲቲ ዞን የደረሰው ከባድ ድርቅም እንግዳውም አርብቶ አደሩም የሚተማመኑበት ወቅት ዋስትና እንደሌለው አሳይቷል።

ችግሩ የዚህ አካባቢ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 11 ቀን 2021 በሲሲሊ 48.8 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ተመዝግቧል። በሐምሌ 2023 ደግሞ በግሪክ ሮድስ ደሴት በተነሣ የሰደድ እሳት በሺዎች የሚቆጠሩ ጎብኚዎችና ነዋሪዎች ከያሉበት እንዲወጡ ተደርጓል። የሜዲትራኒያን ከተሞችም የበጋ ማራኪነታቸው በሙቀት መፈተን ጀምሯል።

የኢትዮጵያ የበጀት ዓመት የሚጀምረው ሐምሌ 1 ቀን ሲሆን፣ ይህም ከዳርቻው የሚመጣው እንግዳ በሚበዛበት ወቅት ላይ ይውላል። አዲሱ በጀት እስኪለቀቅ የሚጠበቅ ከሆነ የውሃ ማከፋፈያ ጥገናውም ሆነ የትንኝ መከላከሉ ሥራ እንግዳው ከገባ በኋላ የሚጀመር ይሆናል። በመሆኑም የመስመሩ ከተሞች አስተዳደሮች ለወቅቱ የሚያስፈልገውን ዝግጅት በዓመቱ የመጨረሻ ሩብ፣ ማለትም ከሚያዝያ እስከ ሰኔ ባለው ጊዜ፣ በዕቅዳቸው ሊያካትቱትና ሊያጠናቅቁት ይገባል።