ስንት ተኩሰህበት?

ዛሬ «ከሸፈ» ሲባል ቶሎ ትዝ የሚለን ዕቅድ ወይም መፈንቅለ መንግሥት ነው። ቃሉ ግን የመሣሪያም ነው፦ ቃታው ተስቦ ጥይቱ ሳይተኮስ ሲቀር። ራሱን ለመከላከል ሽጉጥ ለታጠቀ ሰው ከዚህ የከፋ ቃል የለም። ታዲያ እንደማይከሽፍ አስቀድሞ በምን ይታወቃል? ብዙ ጊዜ መልሱ ዝና ነው፤ «ይሄ እኮ አይነክስም!» ይባላል፣ አለቀ። እኔን ግን የሚያሳምነኝ ዝናን ትቶ በቁጥር የዳኘ አንድ የቆየ ሙከራ ነው።

የአሜሪካ ጦር በፊሊፒንስ ሲዋጋ የያዘው ባለ 0.38 ኢንች ስድስት ጎራሽ፣ የሚሮጥ ጠላትን ቶሎ አያቆምም የሚል ቅሬታ በዛበት። ስለዚህ ባለ 0.45 ኢንች አዲስ ሽጉጥ ፈለገ። ከ1907 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በተደረገው ውድድር በመጨረሻ ሁለት ቀሩ፦ ጆን ብራውኒንግ የነደፈው ኮልት እና ሳቬጅ።

በማርች 1911 በእያንዳንዳቸው 6,000 ጥይት ተተኮሰ። መቶ በተተኮሰ ቁጥር ሽጉጡ 5 ደቂቃ ይቀዘቅዛል፤ ሺህ ሲሞላ ተወልውሎ ዘይት ይቀባል። ቀጥሎ ሆን ተብሎ የተበላሹ ጥይቶች አጎረሷቸው፤ አሸዋና ጭቃም አስነኳቸው። ሳቬጅ 37 ጊዜ እክል ገጠመው። ኮልት ላይ አንድም አልተመዘገበም። ማርች 29 ጦሩ ኮልትን ተቀበለ፤ ኤም 1911 የሚባለው ይኸው ነው።

ያቺ ዜሮ ግን ከሰማይ አልወረደችም። በቀደሙት ሙከራዎች ኮልትም እክል ነበረበት፤ እየተፈተነ፣ እየታረመ ዓመታት ፈጀ። ደግሞም ዜሮዋ የዚያ የተፈተነው ሽጉጥ ናት። ስሙን የያዘ ሁሉ አይወርሳትም፤ ካዝናው ከጎበጠ ወይም ጥይቱ እርጥበት ካገኘው ዝናው አያድንም።

ሒሳቡም ይህንኑ ይላል። በአማካይ ከ10 ተኩስ አንዴ የሚነክስ መጥፎ ሽጉጥ እንኳ፣ 10 ጥይት ያለ እክል የመተኮስ ዕድሉ 35 በመቶ ገደማ ነው። ሠርግ ላይ ሦስቴ ስለጮኸማ ምንም አልመሰከረም!

እና «የኔ አይነክስም» የሚል ሰው ሲገጥማችሁ፣ የት እንደተሠራ ከመጠየቃችሁ በፊት ስንት እንደተኮሰበት ጠይቁት። በየትኛው ጥይት፣ በየትኛው ካዝና፣ ስንቴስ እንደነከሰ። ቁጥር ከሌለው የያዘው እምነት ነው። እምነት ደግሞ ቃታ ሲሳብ ሊከሽፍ ይችላል።