ባዶው ሳህንና ያጌጠው መሶብ

እ.ኤ.አ. በ1989 በወጣውና «ዌን ሃሪ ሜት ሳሊ» በተሰኘው የአሜሪካ ፊልም ውስጥ፣ ሃሪ የተባለው ሰውዬ አንዲት ሴት ወደ ኢትዮጵያ ምግብ ቤት እንሂድ እንዳለችው ያወራል። ኢትዮጵያ ውስጥ ምግብ መኖሩን አላውቅም ነበር ብሎ መቀለዱን፣ ሁለት ባዶ ሳህን አዝዘን ቶሎ እንወጣለን ማለቱን ይተርካል። ምግብ ቤቱ ግን በፊልሙ ውስጥ ከቶ አይታይም፤ ያለው ቀልዱ ብቻ ነው። የ1977ቱ ረሃብ ገና ከዓለም ቴሌቪዥን አልጠፋምና ተመልካቹም ሳቀ።

እንግዲህ ያልታየውን ምግብ ቤት እኛ እንየው። በአሜሪካ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ምግብ ቤት የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1966 በካሊፎርኒያ፣ ሎንግ ቢች ከተማ ነው። በዋሽንግተን ደግሞ በ1978 «ማማ ደስታ» ተከፈተ። ከአብዮቱ በኋላ አገሩን ጥሎ የወጣው ሰው ሲበዛ ምግብ ቤቱም በዛ። ቤቱ የእንጀራ መብያ ብቻ አልነበረም። ሥራ የሚፈልግ ሥራ ይጠይቅበታል፤ ኪራይ የሚፈልግ ማስታወቂያ ያነብበታል፤ መርዶም ይሰማበታል። ታክሲ ነጂው ፈረቃውን ጨርሶ ሽሮ ያዛል፤ በጥግ መደርደሪያ ላይ በርበሬና በላስቲክ የታሸገ እንጀራ ይሸጣል። ይህ በካሜራ ፊት የማያምር ተራ ነገር ነው፤ ሰዎቹን ያኖራቸው ግን ይኸው ተራ ነገር ነው።

እ.ኤ.አ. በ2011 ደግሞ «ዘ ሲምፕሰንስ» የተባለው የካርቱን ፊልም እናትና ልጆቿን፣ መኪናቸው ሲበላሽባቸው፣ ኢትዮጵያውያን ወደሚኖሩበት ሠፈር አስገባቸው። በመጀመሪያ ይፈራሉ፤ በኋላ ግን በልተው ይደሰታሉ። ሎስ አንጀለስ ውስጥ የፌርፋክስ መንገድ አንዱ ክፍል ከ2002 ጀምሮ «ትንሿ ኢትዮጵያ» ተብሎ መሰየሙን ስናስብ ነገሩ ከባዶው ሳህን ይሻላል። ይሁን እንጂ እዚህም ቢሆን ምግባችን የጀብዱ ፍለጋ ነው፤ የማክሰኞ ምሳ አይደለም።

ታዲያ እኛስ ራሳችንን እንዴት አሳየን? በየክሊፑና በየማስታወቂያው የምናቀርበው ያጌጠ መሶብ፣ ነጭ ቀሚስ፣ ጀበናና እስክስታ ነው። «ምን አለበት? ባዶ ሳህን ከሚሉን ይሄ አይሻልም ወይ?» የሚል ይኖራል። ይሻላል እኮ! ነገር ግን ከጌጫ ሆኖ ላየው ሰው መሶቡም የሚሸፍነው ነገር አለ።

ጌጫ፣ ሸካ ውስጥ፣ ምግብ ቤት ስንል እንጀራ በወጥ፣ ጥብስና ሽሮ ማለታችን ነው። ቆጮው፣ ከቡና ቅጠል በዝንጅብልና በቃሪያ የሚፈላው ጨሞ፣ የጫካው ማር፣ እነዚህ የቤት ናቸው። ለዚህም ታሪክ አለው። እ.ኤ.አ. በ1897 ካፋ በምኒልክ ጦር ከተያዘ በኋላ ሸካም ብዙ ሳይቆይ በዚያው አስተዳደር ሥር ገባ። ወታደሩ፣ ሹሙና ነጋዴው ምግቡን ይዞ መጣ። ለገንዘብ ምግብ የሚሸጥበት ቤት በየከተማው ሲከፈት የተከፈተው ለዚሁ መንገደኛ ነበር። ስለዚህ «የባህል ምግብ ቤት» የሚለው ስም በትክክል ቢሰጥ፣ በጌጫ የሚገባው ለእንጀራ ቤቱ ነበር። እንጀራ ዛሬም ባዕድ ነው ማለታችን አይደለም፤ በየጓዳው ገብቷል። የምንለው፣ ባለቤቱ ምግብ ጓዳ ቀርቶ እንግዳው ምግብ ታፔላውን መያዙን ነው።

ነገሩን የሚያስገርመው ደግሞ ይህ ነው። ሃሪ የቀለደበት ረሃብ በወረደ ጊዜ መንግሥት ከሰሜን ብዙ ሕዝብ አንሥቶ ወደ ኢሉባቦር፣ ወደ ካፋና ወደ ወለጋ አሠፈረ። ተርቦ የመጣው ሰው ያረፈው ድርቅን የሚቋቋመው እንሰት በየጓሮው በቆመበት አገር ነው። ሳህኑ ባዶ ነው የተባለላት አገር፣ ሳህኑን የሚሞላ ተክል በጓሮዋ ነበራት፤ ስለ እሱ ግን ቀላጁም አላወቀ፣ እኛም አላወራን።

ዛሬም ካሜራ ወደ ሸካ ሲመጣ የሚቀርጸው ጫካውንና ጭፈራውን ነው። እንሰት ስትፍቅ የምትውለዋን እናት፣ ጉድጓድ ውስጥ ብሎ የሚከርመውን ቆጮ የሚያሳይ ጥቂት ነው። ቀረጻው ሲያልቅ ሁላችንም የምናዝዘው ጥብስ ነው። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ማለት ይኼ አይደለም?

ቆጮ በከበሮ ታጅቦ ይቅረብ አንልም። እሱም ሌላ ያጌጠ መሶብ ይሆናል። ከሽሮው ሥር፣ ከነዋጋው፣ በአንድ መስመር ይጻፍ ነው የምንለው። ለጊዜው ግን ከመኪና የወረደ መንገደኛ ጌጫ ላይ ቆጮ ቢጠይቅ የሚያገኘው መልስ «እሱ እንኳ ቤት ነው» የሚል ነው።