የአንጎል ዕጢ ናሙና፦ በአነስተኛ ወጪ የመሰብሰብና የመመርመር ታሪክ

በአንጎል ቀዶ ሕክምና ወቅት የሚወሰድ ናሙና ብዙውን ጊዜ ከስንዴ ቅንጣት እምብዛም አይበልጥም። ሐኪሙ ዕጢውን በሙሉ ለማውጣት ይቀጥል ወይስ እጁን ይሰብስብ የሚለው ውሳኔ ግን በዚህች ቅንጣት ላይ ሊመሠረት ይችላል።

አሜሪካዊው የአንጎል ቀዶ ሐኪም ሃርቪ ኩሺንግ የናሙናን ዋጋ የተረዱት በማጣት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1900ዎቹ መጀመሪያ በጆንስ ሆፕኪንስ ሆስፒታል ሲሠሩ፣ ከአንድ ሕመምተኛ ፒቱታሪ ዕጢ የወሰዱት ናሙና በቤተ ሙከራ ጠፋባቸው። ከዚያ ወዲህ ናሙናዎቹን ራሳቸው ማስቀመጥ ጀመሩ፤ ይህም ከ2,000 በላይ ሕሙማንን ላካተተው የአንጎል ዕጢ መዝገብ መነሻ ሆነ። መዝገቡን ለረጅም ዓመታት በኃላፊነት የያዙት ፓቶሎጂስቷ ዶክተር ሉዊዝ አይዘንሃርት ነበሩ።

በቀዶ ሕክምና መካከል ናሙናን አቀዝቅዞና በስሱ ቆርጦ መመርመር፣ የማዮ ክሊኒኩ ሉዊስ ዊልሰን እ.ኤ.አ. በ1905 ዘዴያቸውን ካሳተሙ በኋላ ተስፋፍቷል። ይሁን እንጂ አንጎል ውኃ የበዛበት ለስላሳ አካል በመሆኑ፣ ሲቀዘቅዝ የሚፈጠረው በረዶ የሕዋሳቱን ቅርጽ ያበላሻል። አይዘንሃርትና ኩሺንግ እ.ኤ.አ. በ1930 ቀለል ያለ መንገድ አሳተሙ፦ ትኩሱን ናሙና በስላይድ ላይ አድርጎ፣ ቀለም ጨምሮና ተጭኖ አሳስቶ፣ ወዲያውኑ በማይክሮስኮፕ ማየት። እ.ኤ.አ. በ1937 ዶሮቲ ረስልና ባልደረቦቻቸው በእንግሊዝ አገር ተመሳሳይ ፈጣን ዘዴ አቀረቡ። ዘዴው ሁለት ስላይድ፣ አልኮልና ቀለም እንጂ ማቀዝቀዣ መሣሪያ አይሻም። ጠንካራና ጅማታማ ዕጢዎች ግን በስላይድ ላይ በቀላሉ አይሰጡም።

ሌላው ርካሽ ምንጭ በመምጠጫ ቱቦ የሚወገደው ቁርጥራጭ ነው። በተለይ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ ዕጢን በአልትራሳውንድ ሰባብሮ የሚመጥ መሣሪያ ለአንጎል ቀዶ ሕክምና ከዋለ በኋላ፣ አብዛኛው የዕጢ ክፍል ወደ ቆሻሻ ማጠራቀሚያው ይሄድ ጀመር። በቱቦው መካከል ንጹሕ ማጥለያ ዕቃ በማስገባት ይህን ቁርጥራጭ መሰብሰብና በፎርማሊን አቆይቶ መመርመር ይቻላል። ቁርጥራጩ የተፈጨና ከደም ጋር የተደባለቀ በመሆኑ፣ በመቆንጠጫ ለተወሰደው ናሙና ደጋፊ እንጂ ምትክ አይደለም።

ታሪኩ ለጤና ባለሙያዎች የሚያስገነዝበው ግልጽ ነው። የመሣሪያ እጥረት ባለበት ቦታ እንኳ ብዙ መሥራት ይቻላል፤ ሆኖም የሕመምተኛው ስምና ናሙናው የተወሰደበት ቦታ በዕቃው ላይ ካልተጻፈ፣ ለፓቶሎጂስቱም የሕመሙ ታሪክ ካልደረሰው፣ ውዱ መሣሪያም ቢሆን የጠፋን ናሙና አይመልስም።