ሳውንድ ካርድ ለቤት ቀረጻ፡- ምን እንግዛ? እንዴት እንጠቀምበት?

ሕግ የተማርኩ እንጂ የድምፅ መሐንዲስ አይደለሁም፡፡ ስለዚህ የዛሬው ርዕሴ አንዳንድ አንባቢዎቼን ሊያስገርም ይችላል፡፡ ምክንያቱን ላስረዳ፡፡

አባቴ በቡሬና በፍኖተ ሰላም መካከል ባለ የገጠር ቀበሌ ተወልደው ያረጁ፣ ቀረርቶና ፉከራ የሚያውቁ ሰው ነበሩ፡፡ ከዓመታት በፊት ጤናቸው እየደከመ ሲሄድ፣ «ድምፃቸውን ለልጅ ልጅ ላስቀር» ብዬ ላፕቶፕና በርካሽ የገዛሁትን ማይክራፎን ይዤ ሄድኩ፡፡ ማይኩን በቀጥታ ላፕቶፑ ላይ ሰክቼ ሁለት ሰዓት ያህል ቀዳሁ፡፡ አዲስ አበባ ተመልሼ ስከፍተው እንጉርጉሮው ከሹክሹክታ ያነሰ፣ ፉከራው ደግሞ የተቀዳደደ ሆኖ አገኘሁት፡፡ ከሥሩም ንብ የገባበት ይመስል «እዝዝ» የሚል ድምፅ ነበረው፡፡ «ግድ የለም፣ ለፋሲካ ስሄድ እደግመዋለሁ» አልኩ፡፡ ፋሲካ ሳይደርስ አባቴ አረፉ፡፡

ጥፋቱ የማንም አይደለም፤ የእኔ ነው፡፡ ከዚያ ወዲህ ጠይቄም፣ አንብቤም፣ ገንዘብ አጥፍቼም የተማርኩትን እነሆ፡፡ የአባቱን፣ የእናቱን፣ የመንደሩን አዝማሪ ወይም የራሱን ዘፈን እቤቱ መቅዳት ለሚፈልግ ሁሉ ይጠቅም ይሆናል፡፡

መሣሪያው ምንድን ነው?

ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ድምፃቸውን በሸክላ ያስቀረጹት ጀርመን አገር ነበር፡፡ ያ የሆነው ከመቶ ዓመት በፊት ነው፡፡ አምሐ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 «አምሐ ሬከርድስ»ን ከመሠረተ በኋላ እንኳ ድምፅ መቅረጽ ቴክኒክና ካፒታል ላለው ብቻ የተፈቀደ ሥራ ይመስል ነበር፡፡ ዛሬ ያንን የስቱዲዮ በር የከፈተልን መጽሐፍ የምታህል ሣጥን ናት፡፡ ሻጮች «ሳውንድ ካርድ» ይሏታል፤ መመሪያዋ ላይ የሚጻፈው «ኦዲዮ ኢንተርፌስ» የሚለው ነው፡፡

ሥራዋ በሦስት ይከፈላል፡፡ መጀመሪያ ከማይኩ የሚመጣውን እጅግ ደካማ የኤሌክትሪክ ምልክት ታጎለብታለች፡፡ ቀጥሎ ያንን ምልክት ወደ ቁጥር ለውጣ በዩኤስቢ ገመድ ለኮምፒዩተሩ ታቀብላለች፡፡ በመጨረሻም ቁጥሩን ወደ ድምፅ መልሳ በጆሮ ማዳመጫ ታሰማናለች፡፡ ላፕቶፑ ውስጥ ያለው ካርድም ይህንኑ ይሠራል፡፡ ነገር ግን ማጎልበቻው ደካማ ነው፤ ከኮምፒዩተሩ የሚወጣው ጫጫታም ይገባበታል፡፡ በአባቴ ቀረጻ ላይ የደረሰው ይኸው ነው፡፡

ስንገዛ ምን እንይ?

አንደኛ፣ የማይክ መግቢያ ብዛት፡፡ ሻጭ «አራት መግቢያ አለው» ሲላችሁ «ስንቱ የማይክ ነው?» ብላችሁ ጠይቁ፡፡ ባለ ሦስት እግር ክብ መሰኪያ የሚቀበለው ነው የማይክ መግቢያ፡፡ ለአንድ ተናጋሪ ወይም ዘፋኝ አንድ ይበቃል፡፡ ማሲንቆ እየመታ የሚዘፍን አዝማሪ ለመቅዳት ግን ሁለት ያስፈልጋል፤ አንዱ ለአፉ፣ አንዱ ለማሲንቆው፡፡ በብዙዎች እጅ ከሚገኙት ውስጥ የፎከስራይት «ስካርሌት ሶሎ» ባለ አንድ፣ «ስካርሌት 2አይ2» ደግሞ ባለ ሁለት የማይክ መግቢያ ናቸው፡፡ የቤሪንገር «ዩኤምሲ22» ባለ አንድ፣ «ዩኤምሲ202ኤችዲ» ባለ ሁለት ነው፡፡ ስማቸውን የጠቀስኩት ለምሳሌ ያህል እንጂ ለማስተዋወቅ አይደለም፡፡

ሁለተኛ፣ የ48 ቮልት ኃይል፡፡ ኮንደንሰር የሚባለው የማይክ ዓይነት ያለዚህ ኃይል አይሠራም፤ ዳይናሚክ የሚባለው ግን አይፈልገውም፡፡ ዳይናሚክ ማይክ ጠንካራ ነው፤ ከሩቅ የሚመጣ ጫጫታም ብዙ አይሰበስብም፡፡ ኮንደንሰር ረቂቅ ድምፅ ይይዛል፤ የጎረቤትን ዶሮም አብሮ ይይዛል፡፡ ግድግዳው ባዶ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ በሆነ ቤት ለሚቀዳ ሰው የእኔ ምክር በዳይናሚክ እንዲጀምር ነው፡፡

ሦስተኛ፣ የቁጥሮች ፉክክር፡፡ በካርቶኑ ላይ «192 ኪሎ ኸርዝ» የሚል በትልቁ ተጽፎ ታያላችሁ፡፡ አትታለሉ፡፡ ሲዲ 44.1 ኪሎ ኸርዝና 16 ቢት ነው፡፡ ለቪዲዮ የተለመደው 48 ኪሎ ኸርዝ ነው፡፡ ለቤት ቀረጻ 48 ኪሎ ኸርዝና 24 ቢት ከበቂ በላይ ነው፡፡ ከሁለቱ ይበልጥ የሚጠቅመን 24ቱ ቢት ነው፡፡ በስሌት 16 ቢት 96 ዴሲቤል፣ 24 ቢት 144 ዴሲቤል ያህል ስፋት ይሰጣል፡፡ ትርጉሙ፣ ድምፁን ዝቅ አድርገን ብንቀዳ እንኳ በኋላ ከፍ ስናደርገው ብዙ አይበላሽም ማለት ነው፡፡

አራተኛ፣ የኤሌክትሪክ ምንጭ፡፡ በዩኤስቢው ገመድ ብቻ የሚሠራውን ምረጡ፡፡ መብራት ቢጠፋ ላፕቶፑ በባትሪው ይቀጥላል፤ ሣጥኗም ከእርሱ ኃይል ትወስዳለች፡፡ የራሱ የግድግዳ መሰኪያ የሚፈልግ ከሆነ ግን መብራት ሲጠፋ ሥራው ይቆማል፡፡

አምስተኛ፣ ድራይቨር፡፡ ያለ ተጨማሪ ሶፍትዌር የሚሠራ መሣሪያ ለገጠር ይመረጣል፡፡ በዊንዶውስ ላይ የፋብሪካው «አሲዮ» ድራይቨር ካስፈለገ ከከተማ ሳትወጡ ጫኑት፡፡ በኢንተርኔት ካልተመዘገበ አልሠራም የሚል ሶፍትዌርም አለ፡፡ በአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ እንደነበር የሚያስታውስ ሰው ይህን ምክር ለምን እንደሰጠሁ ይገባዋል፡፡ «ኦዳሲቲ» የሚባለው ነፃ ሶፍትዌር ለጀማሪ በቂ ነው፤ ምዝገባም አይጠይቅም፡፡

ዋጋ አልጠቅስም፡፡ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ዛሬ የጻፍኩት ዋጋ ነገ ሊያሳስት ይችላል፡፡ ገንዘባችሁን ስትመድቡ ግን ለሣጥኗ ብቻ አትመድቡ፤ ማይክ፣ የማይክ ገመድ፣ መቆሚያና ጆሮን የሚሸፍን ማዳመጫ አብረው ይታሰቡ፡፡ ያገለገለ ከሆነ ደግሞ ከመክፈላችሁ በፊት ሁሉንም መግቢያ በማይክ ፈትኑ፤ ቁልፎቹን ስታዞሩ «ክርር» የሚል ድምፅ ካሰሙ ተዉት፤ የዩኤስቢው ቀዳዳም እንዳይላላ እዩ፡፡

ቤቱን ማሰናዳት

ባለሙያ የነገረኝና እውነት ሆኖ ያገኘሁት ነገር ቢኖር፣ ጥሩ ክፍል ከውድ ሣጥን ይበልጣል፡፡ ባዶ የሲሚንቶ ግድግዳ ድምፅን መልሶ ይወረውራል፡፡ የሣር ክዳን ያለው የጭቃ ቤት ግን ድምፅ ይውጣል፤ እንዲያውም ከብዙ የከተማ ሳሎን ይሻላል፡፡ በከተማ ቤት ከተናጋሪው ጀርባና ጎን ፍራሽ፣ ብርድ ልብስ ወይም ጋቢ መስቀል ይጠቅማል፡፡ በክረምት በቆርቆሮ ሥር መቅዳት አይሞከርም፤ ከጥቅምት በኋላ አድርጉት፡፡ ወፍጮ ቤት የሚቆምበትን፣ ድምፅ ማጉያ የማይሰማበትን ሰዓትም አስቀድማችሁ ጠይቁ፡፡

«እዝዝ» የሚለው ድምፅ አብዛኛውን ጊዜ ከ50 ኸርዙ የመብራት መስመር የሚመጣ ነው፡፡ የላፕቶፑን ቻርጀር ነቅላችሁ በባትሪ ቅዱ፡፡ እኔ ዘንድ ንቡ የጠፋው በዚህ ብቻ ነው፡፡

ስንቀዳ

ማይኩን ከአፍ አንድ ስንዝር ያህል አርቁት፤ ከአፍ ፊት ለፊት ሳይሆን ትንሽ ወደ ጎን ይሁን፡፡ ከማሲንቆ አንድ ክንድ ያህል ይበቃል፡፡ ዋሽንት ላይ ትንፋሹ የሚወጣበትን አፍ ፊት ለፊት አትያዙ፤ ነፋሱ ይገባል፡፡ ከበሮ ከሆነ ከአንድ ሜትር በላይ ራቁ፡፡

ከሁሉ የሚበልጠው ጌይን የሚባለው ቁልፍ ነው፡፡ የእኔ ስህተት በእንጉርጉሮ መለካቴ ነበር፤ ፉከራው ሲመጣ ሁሉም ተቀደደ፡፡ ሥርዓቱ የተገላቢጦሽ ነው፡፡ ሰውየውን መጀመሪያ የሚጮኽበትን እንዲያሰማችሁ ለምኑት፡፡ እርሱ እየፎከረ ቁልፉን አዙሩ፤ በሶፍትዌሩ መለኪያ ላይ ጫፉ ወደ ‒12 ዴሲቤል ሲደርስ ተዉት፡፡ ዜሮን ከነካ ድምፁ ይቆረጣል፡፡ የተቆረጠ ድምፅ ደግሞ በኋላ በደንብ አይጠገንም፤ ያነሰ ድምፅ ግን ከፍ ሊደረግ ይችላል፡፡

በጆሮ ማዳመጫ ራሳችሁን ስትሰሙ ድምፃችሁ ዘግይቶ ከመጣ «ባፈር» የሚባለውን ቁጥር ተመልከቱ፡፡ በ44.1 ኪሎ ኸርዝ 256 ሲሆን በአንድ በኩል 6 ሚሊሰከንድ፣ 1024 ሲሆን 23 ሚሊሰከንድ ያህል ያዘገያል፤ ደርሶ መልሱ ደግሞ ከዚያ ይበልጣል፡፡ ብዙዎቹ ሣጥኖች ድምፅን ኮምፒዩተር ሳያደርሱ በቀጥታ የሚያሰሙበት ቁልፍ ስላላቸው እርሱን መክፈት ቀላሉ መፍትሔ ነው፡፡

ፋይሉን በ«ዋቭ» አስቀምጡ፤ ኤምፒ3 ለመላኪያ እንጂ ለማስቀመጫ አይደለም፡፡ በ48 ኪሎ ኸርዝና 24 ቢት የአንድ ማይክ አንድ ሰዓት ግማሽ ጊጋባይት፣ የሁለት ማይክ ደግሞ አንድ ጊጋባይት ገደማ ይወስዳል፡፡ ቀረጻው ሲጀመር ቀኑን፣ ቦታውንና የሰውየውን ስም በአንደበታችሁ ተናገሩ፡፡ ከጨረሳችሁ በኋላ በሦስት ቦታ ገልብጡ፤ አንዱ ቅጂ ከቤታችሁ ውጭ ይኑር፡፡

ላፕቶፕ የሌለውስ? ብዙዎቹ ያለ ድራይቨር የሚሠሩ ሣጥኖች በማገናኛ ገመድ ከአንድሮይድ ስልክ ጋር ይሠራሉ፡፡ ስልኩ በቂ ኃይል ካልሰጠ ፓወር ባንክ የሚሰካበት ባለብዙ ቀዳዳ ማገናኛ መጨመር ነው፡፡ ከመንገድ በፊት ግን እቤት ሞክሩት፡፡

ድምፅም ያልፋል

«ይህ ሁሉ ድካም ለምን?» የሚለኝ ይኖራል፡፡ ከባሕር ዳር 30 ኪሎ ሜትር ያህል የሚርቀውን ጢስ ዓባይን አስቡ፡፡ ልጅ ሳለን ፏፏቴው ሳይታይ ድምፁ ይሰማ ነበር፡፡ እ.ኤ.አ. በ2001 ሁለተኛው የጢስ ዓባይ ኃይል ማመንጫ፣ በ2002 ዓ.ም. ደግሞ የጣና በለስ ማመንጫ ሥራ ሲጀምሩ ወደ ፏፏቴው የሚሄደው ውኃ ቀነሰ፡፡ መብራቱን አልጠላም፡፡ ነገር ግን የዓባይ ድምፅ እንኳ የሚለወጥ ከሆነ የሰው ድምፅማ ምን ዋስትና አለው?

ሕጉስ ምን ይላል?

እዚህ ላይ ወደ ሙያዬ ልመለስ፡፡ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ ዐዋጅ ቁጥር 410/1996፣ በዐዋጅ ቁጥር 872/2007 እንደተሻሻለው፣ በአንድ ቀረጻ ውስጥ ከአንድ በላይ ባለመብት ሊኖር እንደሚችል ያውቃል፡፡ ግጥሙንና ዜማውን የፈጠረው የሥራ አመንጪ አለ፤ የዘፈነው ወይም የተጫወተው ከዋኝ አለ፤ ቀረጻውን ያስጀመረና ኃላፊነቱን የወሰደ ፕሮዲውሰር አለ፡፡ የከዋኙም የፕሮዲውሰሩም መብት ለ50 ዓመት ይጠበቃል፡፡ ሣጥኗን የገዛሁት እኔ ስለሆንኩ ድምፁ የእኔ ነው ማለት አይቻልም፡፡ ያልተቀዳ ክዋኔን ለመቅዳትም፣ የተቀዳውን ለማባዛትም የከዋኙ ፈቃድ ያስፈልጋል፡፡

ስለዚህ የመንደሩን አዝማሪ ቀድታችሁ በኢንተርኔት የምትለቁ ወጣቶች፣ አስቀድማችሁ በጽሑፍ ተስማሙ፡፡ ለምን እንደሚውል፣ ገንዘብ ቢመጣ እንዴት እንደሚከፈል አንድ ገጽ ወረቀት ይበቃል፡፡ ማንበብ ለማይችል ሰው ምስክሮች ባሉበት ይነበብለት፡፡ ፈቃዱን በዚያው ማይክ መቅዳትም ጥሩ ማስረጃ ነው፡፡

ባለፈው ጊዜ ይህን ሁሉ ይዤ አክስቴ ዘንድ ሄድኩ፡፡ ሰማንያን ያለፉ፣ በለቅሶ ቤት ሙሾ በማውረድ የታወቁ ሴት ናቸው፡፡ ገመዱን ስዘረጋ እያዩ፣ «ልጄ፣ ይኼ ሁሉ ጠፍር ምን ሊያስር ነው?» አሉኝ፡፡ «የእርስዎን ድምፅ ነው እቴ» አልኳቸው፡፡ ፈቃዳቸውን ስጠይቅ፣ የራሳቸውን እንድቀዳ፣ የሰው ሐዘን የተነሣበትን ግን ከቤተሰብ ውጭ እንዳላሰማ አዘዙኝ፡፡ ትእዛዙም ቀረጻው መጀመሪያ ላይ በራሳቸው ድምፅ ተቀምጧል፡፡ ስንጨርስ ማዳመጫውን ጆሯቸው ላይ አደረግሁላቸው፡፡ ጥቂት ሰምተው፣ «አባትህ ቢኖር ይስቅብኝ ነበር» አሉ፡፡

የአባቴን ያን የተቀዳደደ ቀረጻም አልጣልኩትም፤ ከእርሳቸው ጎን አስቀምጬዋለሁ፡፡ እናንተ ግን ቀረጻ ያሰባችሁለት ሰው ካለ ሣጥኗ እስክትገዛ አትጠብቁ፡፡ እስከዚያው በስልካችሁም ቢሆን ቅዱ፡፡ ለፋሲካ አትቅጠሩ፡፡