ሁለት ምስክር የሚሻ መዝገብ፦ ሳተላይት፣ ካርቱምና አዲስ አበባ

«በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ይላሉ አበው። አባባሉ እውነት ነው፤ ነገር ግን የተጻፈው ሁሉ ይወረሳልን? የአማተር ራዲዮ ሰዎች ለዚህ ጥያቄ የቆየ መልስ አላቸው። አንድ ሰው በመዝገቡ ያሰፈረው ቃል ለራሱ ማስታወሻ ከመሆን አያልፍም፤ የታመነ ታሪክ የሚሆነው በሌላው ዳር ያለው ሰው ያንኑ ቀን፣ ያንኑ ሰዓትና ያንኑ ሞገድ በራሱ መዝገብ ጽፎ ሲገኝ ነው። ሁለቱ ካልገጠሙ ማረጋገጫ የለም። መዝገቡ ከወረቀት ወደ ኮምፒዩተር፣ ግንኙነቱም ከምድር ወደ ሳተላይት ሲሸጋገር እንኳ ይህ ሕግ አልተለወጠም። በካርቱምና በአዲስ አበባ ላይ ሲሠራ ደግሞ የሁለቱን ሀገሮች ሰዓት፣ ድንበርና የፖለቲካ ውጣ ውረድ ሳይቀር አብሮ የሚጽፍ ሆኖ ይገኛል።

አማተር ራዲዮ ከመንግሥት ፈቃድ ያገኘ ግለሰብ ወይም ማኅበር ለትርፍ ሳይሆን ለትምህርት፣ ለሙከራና ለወዳጅነት ሲል በተመደቡለት ሞገዶች የሚነጋገርበት አገልግሎት ነው። እያንዳንዱ ጣቢያ የራሱ የጥሪ ምልክት አለው፤ የምልክቱ መነሻ ፊደላትም ሀገሩን ያሳውቃሉ። የኢትዮጵያው በ«ኢቲ»፣ የሱዳኑ በ«ኤስቲ» ይጀምራል፤ የካርቱም ጣቢያዎች የሚታወቁት በ«ኤስቲ2» ነው። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የሚገኘው የኢትዮጵያ አማተር ራዲዮ ማኅበር ጣቢያ «ኢቲ3ኤኤ» ተብሎ ይጠራል። በሁለቱም ሀገሮች ፈቃድ ያላቸው ሰዎች ጥቂት ስለሆኑ፣ ከእነርሱ የሚወጣ ድምፅ በተሰማ ቁጥር የሌላው ዓለም አማተሮች ይሻሙበታል። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ቀናትና ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከጠፈር የመጣው ሰላምታ

የመጀመሪያዋ የአማተሮች ሳተላይት «ኦስካር 1» ትባላለች። ዲሴምበር 12 ቀን 1961 አንድ የአሜሪካ መንግሥት ሳተላይት ወደ ጠፈር ሲመጥቅ ከጎኑ ታዝላ የወጣች፣ ክብደቷም አምስት ኪሎ የማይሞላ ሣጥን ነበረች። ሥራዋ በሞርስ ፊደል «ኤች አይ» የምትል አጭር ሰላምታ ደጋግሞ ማሰማት ብቻ ነበር። ባትሪዋ እስኪያልቅ በቆየችባቸው ሦስት ሳምንታት ገደማ ግን በ28 ሀገሮች የሚገኙ ከ570 የሚበልጡ አማተሮች መቼና እንዴት እንደሰሟት መዝግበው ላኩ። የሰላምታው ፍጥነት በሳተላይቷ ውስጥ ካለው ሙቀት ጋር አብሮ ይለዋወጥ ስለነበር፣ በሰዓት እየለኩ የጻፉት ሰዎች ሳያዩዋት ሙቀቷን ለኩ። የሳተላይት መዝገብ ገና ከመነሻው ከትዝታ ያለፈ፣ የሳይንስ መረጃ ነበር ማለት ነው።

ከእርሷ በኋላ ከመጠቁት ሁሉ ታሪኳ እጅግ የሚያስገርመው «ኦስካር 7» ናት። የወጣችው ኖቬምበር 15 ቀን 1974፣ ማለትም ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ከዙፋናቸው በወረዱ ከሁለት ወር ጥቂት በኋላ ነበር። በንጉሡ ዘመን በኢትዮጵያ የነበረው የአማተር ራዲዮ እንቅስቃሴ ደርግ ሥልጣን ከያዘ በኋላ እጅግ ተዳከመ። ሳተላይቷም በ1981 ባትሪዋ ተበላሽቶ ዝም አለች፤ ሞታለች ተብሎም ተደመደመ። ሆኖም በጁን 2002 ድምፅዋ ድንገት ተሰማ። የተበላሸው ባትሪ የኤሌክትሪክ መስመሩን ዘግቶት ኖሮ፣ ከዓመታት በኋላ መስመሩ ሲለቀቅ ሳተላይቷ በቀጥታ ከፀሐይ ብርሃን ኃይል እያገኘች መሥራት ጀመረች። ፀሐይ ስታገኛት ትናገራለች፤ የምድር ጥላ ሲጋርዳት ዝም ትላለች። በኖቬምበር 2024 ሃምሳኛ ዓመቷን ስትደፍንም ገና ታገለግል ነበር። ከሃያ ዓመት ዝምታ በኋላ እንደተነሳች የታወቀው አማተሮች የሰሙትን ከነሰዓቱ ስለመዘገቡ ነው።

ከአድማስ እስከ አድማስ

ካርቱምና አዲስ አበባ በአየር መስመር 1,000 ኪሎ ሜትር ያህል ይራራቃሉ። ለምድር ሰው ይህ ረጅም መንገድ ነው፤ በበረሃና በተራራ የሚከፈል። ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ከፍታ ላለች ሳተላይት ግን ሁለቱ ከተሞች በአንድ ዣንጥላ ሥር እንደተጠለሉ ሁለት ሰዎች ናቸው። በሳውዲ ዓረቢያ ተሠርታ ዲሴምበር 20 ቀን 2002 የመጠቀችው «ሳውዲ ኦስካር 50» ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ትሆናለች። ከምድር በ145.850 ሜጋ ኸርዝ የተናገሯትን ተቀብላ በ436.795 ሜጋ ኸርዝ መልሳ እንድታሰማ የተሠራች ናት። በእጅ የሚያዝ ራዲዮና በእጅ የሚዞር አንቴና ያለው ሰው ቤቱ ጣሪያ ላይ ቆሞ ሊደርስባት ይችላል።

ጊዜው ግን አጭር ነው። ሳተላይቷ ከአንዱ አድማስ ወጥታ በሌላው እስክትጠልቅ ሩብ ሰዓት አይሞላም። በዚያ ላይ ስትቀርብና ስትርቅ ሞገዷ ይዋልላል፤ አጠገብ የሚያልፍ ባቡር ጥሩንባው ቀጥኖ እንደሚመጣና ወፍሮ እንደሚሄድ ማለት ነው። ስለዚህ ተናጋሪው አንቴናውን እያዞረና ሞገዱን እያስተካከለ የጥሪ ምልክቱን፣ የድምፁን ጥራትና ያለበትን ቦታ በጥቂት ቃላት ይለዋወጣል። ቦታው የሚገለጸው ዓለምን በትናንሽ አራት ማዕዘኖች በሚከፍል ዘዴ ነው፤ ካርቱም በ«ኬኬ65»፣ አዲስ አበባ በ«ኬጄ99» ይገኛሉ።

ከሰዓቱና ከምልክቱ ሌላ በመዝገቡ መግባት ያለበት አንድ ነገር አለ፤ የሳተላይቷ ስም። በኮምፒዩተር መዝገብ ላይ ግንኙነቱ በሳተላይት መሆኑ ካልተመለከተ ድምፁ በምድር ላይ ተጉዞ የደረሰ ይመስላል። አንደኛው ወገን «በሳተላይት» ብሎ ሌላኛው ዝም ካለ ደግሞ ሁለቱ መዝገቦች አይገጥሙም። ብዙ ልፋት የተደከመበት ግንኙነት በአንድ ባዶ ሣጥን ምክንያት ያለ ማረጋገጫ ይቀራል።

ከ2018 ወዲህ ሩጫው በከፊል ቀርቷል። በዚያ ዓመት ኖቬምበር 15፣ ማለትም «ኦስካር 7» በወጣችበት ዕለት በ44ኛው ዓመት፣ የቀጠር ሳተላይት «እስሃይል 2» የአማተሮችን መሣሪያ ይዛ መጠቀች። በ36,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ከምድር ጋር እኩል ስለምትዞር ከአንድ ቦታ የማትነቃነቅ ትመስላለች። ከካርቱም ሲያዩ ከአድማስ 70 ዲግሪ ያህል፣ ከአዲስ አበባም ከዚያ ጥቂት ከፍ ብላ ትገኛለች። አፍሪካን፣ አውሮፓንና መካከለኛውን ምሥራቅ ቀን ከሌት ታገናኛለች።

ከፖስታ ወደ ኮምፒዩተር

ቀድሞ ምስክርነቱ የሚሰጠው በካርድ ነበር። ከግንኙነቱ በኋላ እያንዳንዱ ወገን ቀኑንና ሰዓቱን የጻፈበትን የማረጋገጫ ካርድ በፖስታ ይልካል፤ መልሱም ወራት፣ አንዳንዴም ዓመታት ይፈጃል። ድንበር ሲዘጋ ወይም ላኪው አድራሻ ሲለውጥ ካርዱ በመንገድ ይቀራል።

በ1996 የተለያዩ የኮምፒዩተር መዝገቦች እርስ በርስ እንዲግባቡ የሚያደርግ አንድ ወጥ የአጻጻፍ ሥርዓት ወጣ። በ2003 ደግሞ «የአሜሪካ ራዲዮ ሪሌይ ሊግ» የተባለው የአማተሮች ማኅበር «ሎግቡክ ኦፍ ዘ ወርልድ» የሚባለውን ዓለም አቀፍ መዝገብ ከፈተ። አሠራሩ ቀላል ነው። ባለፈቃዱ ማንነቱን አስመስክሮ የዲጂታል ፊርማ ይቀበላል፤ መዝገቡን ፈርሞ ይልካል፤ ማሽኑም የሁለቱን ወገኖች ጽሑፍ ያመሳክራል። የጥሪ ምልክቱ፣ የሞገዱ ክልል፣ የአነጋገሩ ዓይነትና የሳተላይቷ ስም መግጠም አለባቸው። ሰዓቱ ላይ ብቻ የ30 ደቂቃ ልዩነት ይፈቀዳል።

ይህች 30 ደቂቃ በአውሮፓ ለሚኖር ሰው ከበቂ በላይ ናት። ለካርቱም ነዋሪ፣ ይልቁንም ለካርቱም ሐበሻ፣ ነገሩ ሌላ ነው። መዝገብ የሚጻፈው በዓለም አቀፉ የጊዜ መለኪያ ነው። ሱዳን ጃንዋሪ 15 ቀን 2000 ሰዓቷን ከዚህ መለኪያ ሦስት ሰዓት አስቀደመች፤ በዚህም ከአዲስ አበባ ጋር እኩል ሆነች። ኖቬምበር 1 ቀን 2017 ደግሞ ወደ ቀድሞው የሁለት ሰዓት ልዩነት ተመለሰች። ሰዓቱን ከግድግዳው እያየ የሚመዘግብ ሰው በዚያ ሌሊት ሳያውቀው የአንድ ሰዓት ስሕተት ውስጥ ይገባል፤ ማሽኑ የሚታገሠው ግን የዚያን ግማሽ ብቻ ነው።

የሐበሻው ሰዓት ሲጨመርበት ቁጥሩ ሌላ መልክ ይይዛል። መዝገቡ 16:20 በሚልበት ቅጽበት በካርቱም ግድግዳ ላይ 18:20 ይሆናል፤ በደይም ሰፈር የሚኖር ሐበሻ «ከምሽቱ 12 ሰዓት ከ20» ይለዋል፤ በአዲስ አበባ ያለው ወንድሙ «ከምሽቱ 1 ሰዓት ከ20» ይላል። ቀኑም እንዲሁ ነው፤ በካርቱም ከሌሊቱ 7 ሰዓት የተደረገ ግንኙነት በመዝገቡ የሚገባው በትናንቱ ቀን ነው። አራቱም እውነት ናቸው፤ መዝገቡ ግን አንዱን ብቻ ይቀበላል።

ድንበር በመዝገብ ውስጥ

አማተሮች ከመቶና ከዚያ በላይ ከሆኑ ሀገሮች ጋር መገናኘታቸውን በማስመስከር ሽልማት ያገኛሉ። ለዚህም የሀገሮች ዝርዝር አላቸው። ዝርዝሩን የኢትዮጵያንና የሱዳንን ታሪክ በሚያውቅ ዓይን ላነበበው ሰው የአፍሪካ ቀንድ ዜና መዋዕል ሆኖ ይታየዋል።

ከአስመራ የተደረገ ግንኙነት እስከ ኖቬምበር 14 ቀን 1962 ድረስ በኤርትራ ስም ይቆጠራል። ፌዴሬሽኑ የፈረሰው በዚያው ዕለት ነው። ከማግስቱ ጀምሮ እስከ ሜይ 23 ቀን 1991 ያለው በኢትዮጵያ፣ ከሜይ 24 በኋላ ያለው እንደገና በኤርትራ ስም ይገባል። ጁባም የራሷ ታሪክ አላት። በፌብሩዋሪ 1972 በአዲስ አበባ የተፈረመው ስምምነት የመጀመሪያውን የሱዳን የእርስ በርስ ጦርነት አብቅቶ ለደቡብ ራስ ገዝነት ሰጠ። ከዚያው ዓመት ሜይ 7 ጀምሮ ደቡብ ሱዳን በአማተሮች ዝርዝር ለብቻዋ ተጻፈች። ስምምነቱ በ1983 ፈርሶ ጦርነት ዳግም ቢነሳም ከዝርዝሩ የተሰረዘችው በ1994 መጨረሻ ነበር። ጁላይ 9 ቀን 2011 ነጻነቷ ቢታወጅም በዝርዝሩ የገባችው የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት አባል በሆነችበት ዕለት፣ ጁላይ 14 ነው። በመካከሉ ባሉት አምስት ቀናት ከጁባ የተናገረ ሰው በመዝገብ ገና ሱዳናዊ ነበር።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። ዝርዝሩን የሚያወጡት ሰዎች ናቸው፤ ከፖለቲካው ሊዘገዩ ወይም ሊቀድሙ ይችላሉ። ቀኑ፣ ሰዓቱና ቦታው በትክክል ከተጻፈ ግን ድንበር በተለወጠ ቁጥር ያ መስመር በየትኛው ስም እንደሚቆጠር መልሶ ማወቅ ይቻላል። ቀኑ የተሳሳተ መስመር ግን የማንም አይሆንም።

የሚቃጠልና የማይቃጠል

ኤፕሪል 15 ቀን 2023 በካርቱም ጦርነት ፈነዳ። በኦምዱርማን የሚገኘው የሱዳን ራዲዮና ቴሌቪዥን ሕንፃ ከመጀመሪያዎቹ ቀናት አንስቶ እስከ ማርች 2024 በተዋጊዎች ተይዞ ቆየ። በሜይ 2023 በኦምዱርማን አህሊያ ዩኒቨርሲቲ የመሐመድ ዑመር በሺር የሱዳን ጥናት ማዕከል ቤተ መጻሕፍት ተቃጠለ። የብሔራዊ ሙዚየሙ ቅርሶች ተዘረፉ። ከከተማይቱ ከሸሹት ብዙ ሺህ ሰዎች መካከል ሐበሾችም ነበሩበት፤ አብዛኛው ሰው የወጣው ሊሸከም የሚችለውን ብቻ ይዞ ነው። የቤተ ዘመድ ፎቶግራፍ፣ የልጅ የትምህርት ማስረጃ፣ የእድር መዝገብ እንደተቀመጠ የቀረበት ቤት ብዙ ነው።

በእንዲህ ያለ ጊዜ በሩቅ አገር ማሽን ላይ የተቀመጠ መስመር ዋጋው ይታወቃል። ከካርቱም የተላከ የራዲዮ መዝገብ ቤቱ ቢፈርስ፣ አንቴናው ቢወድቅ እንኳ አይጠፋም፤ የምስክሩ ግማሽ በሌላው ሰው እጅ ነውና። ይህም ሆኖ ማሽንም አይታመንም። በሜይ 2024 የአሜሪካው ማኅበር ኮምፒዩተሮች በሰርጎ ገቦች ተጠቅተው «ሎግቡክ ኦፍ ዘ ወርልድ» ከአንድ ወር በላይ ተዘግቶ ቆይቷል፤ አገልግሎቱ የተመለሰው በጁላይ መጀመሪያ ነው። በእነዚያ ሳምንታት ሥራቸው ያልታጎለባቸው የመዝገባቸውን ቅጂ በራሳቸው ዘንድ ያስቀመጡ ናቸው።

ስለዚህ የአበው ቃል አንድ ሐረግ ሊጨመርለት ይገባል፤ በጽሑፍ ያለ የሚወረሰው ከአንድ በላይ ቦታ ሲቀመጥና ሁለተኛ ምስክር ሲኖረው ነው። ይህ ለራዲዮ ሰዎች ብቻ የተነገረ አይደለም። ካርቱም ውስጥ ለብዙ ዓመታት የኖረው የሐበሻ ማኅበረሰብም ሠርጉን፣ ክርስትናውን፣ እድሩንና ቀብሩን በደብተር መዝግቧል። ደብተሩ በአንድ ሣጥን ከቀረ ታሪኩ የዚያ ሣጥን ዕጣ ይገጥመዋል። ቅጂው በአዲስ አበባ፣ በጎንደር ወይም በካይሮ ባለ ዘመድ እጅ፣ ቀኑም በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ተጽፎበት ከተገኘ ግን ቤቱ ባይተርፍ እንኳ የሠርጉ ቀን፣ የሟቹም ስም ለልጅ ልጅ ይደርሳል።