ወረራ፦ ከጥንቱ ሰንጠረዥ የቀረ ትምህርት

ካርቱም የሚኖር ኢትዮጵያዊ «ሸጥረንጅ» የሚለውን የዐረብኛ ቃል ሲሰማ፣ «ሰንጠረዥ» ዘመዱ መሆኑን አይስተውም። የሀገራችን ጥንታዊ ጨዋታ ግን የራሱ ሥርዓት ነበረው። የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ሁለቱም ተጫዋቾች ተራ ሳይጠብቁ፣ አንዱ የሌላውን አሰላለፍ እየተመለከተ ጠጠሮቻቸውን ያንቀሳቅሱ ነበር፤ ይህም «ወረራ» ይባል ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1999 ጋሪ ካስፓሮቭ ቬሴሊን ቶፓሎቭን በኔዘርላንድ ሲገጥም፣ ሁለቱን ሩኮቹን አስቀድሞ በመሀል መስመሮች አሰለፈ። በ24ኛው እርምጃ አንዱን ሠዋ፤ የጥቁሩን ንጉሥ እስከ ነጩ የመጨረሻ ረድፍ አሳደደው፤ በ44ኛውም አሸነፈ። ማጥቃትን ለመማር የሚሻ ወጣት ከመሥዋዕቱ በፊት የነበረውን አሰላለፍ ያጥና፤ አባቶቻችን ለዚህ ዝግጅት ስም ሰጥተውት ነበር።