ከጢሰኝነት ወደ ባለይዞታነት፦ በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ የገጠር ነዋሪነትና የመሬት መብት

በደቡብ ጎንደር ምሥራቃዊ ክፍል፣ ከጉና ተራራ ግርጌ ጀምሮ እስከ በሽሎና ዓባይ ሸለቆዎች ድረስ የላይ ጋይንት፣ የታች ጋይንት፣ የስማዳና የእስቴ ወረዳዎች ይገኛሉ። በነዚህ ወረዳዎች አንድ ገበሬ «የቀበሌው ሰው ነኝ» ብሎ አፉን ሞልቶ የሚናገረው ሁለት ነገር ሲያሟላ ነው፦ በቦታው ሲኖርና መሬቱን ሲያርስ። በነዚህ ሁለት ነገሮች የሚገኘው መብት ቋሚ ነው፤ ለልጅም ይተላለፋል። ነገር ግን ሁልጊዜ እንዲህ አልነበረም። በተለይ ለሙስሊሙ ማኅበረሰብ ይህ መብት የተገኘው ከ1967 ዓ.ም ወዲህ ነው። ይህ ጽሑፍ መብቱ እንዴት እንደመጣ፣ ዛሬ በምን እንደሚገኝና በምን እንደሚታጣ ያስረዳል።

ርስት፦ በዘር የሚገኝ ነዋሪነት

በቀድሞው የበጌምድር ጠቅላይ ግዛት መሬት በአብዛኛው የሚያዘው በርስት ሥርዓት ነበር። አንድ ሰው መሬት የሚጠይቀው አካባቢውን መጀመሪያ ካቀናው አባት፣ ማለትም ከአቅኚ አባት፣ መወለዱን ቆጥሮ ነው። በእናቱም በአባቱም በኩል መቁጠር ይችላል። ከዚህ ሐረግ ውጭ የሆነ ሰው ግን በመንደሩ አርባ ዓመት ቢኖርም፣ ላቡን ቢያፈስም ርስተኛ አይሆንም።

በክርስቲያኑ ደጋ የሚኖሩ ሙስሊሞች በአብዛኛው ከዚህ ሥርዓት ውጭ ነበሩ። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1668 በቀዳማዊ አፄ ዮሐንስ ዘመን ጎንደር ላይ የተደረገው ጉባኤ ሙስሊሞች ከክርስቲያኖች ተለይተው በራሳቸው ሰፈር እንዲኖሩ ወሰነ። ከሁለት መቶ ዓመት በኋላ ደግሞ በ1870 ዓ.ም፣ በአራተኛው አፄ ዮሐንስ ዘመን፣ የቦሩ ሜዳ ጉባኤ ሙስሊሞች ሃይማኖታቸውን እንዲቀይሩ አዘዘ። በዚህ ምክንያት ብዙዎች ቀያቸውን ጥለው ተሰደዱ።

መሬት የሌለው ሰው በእጁና በእግሩ ይኖራል። ስለዚህ ሙስሊሙ ሸማ ሠሪ፣ ነጋዴ፣ ወይም በሰው መሬት ላይ እኩል አራሽ ሆነ። የእኩል አራሽ ኑሮ በባለርስቱ ፈቃድ ላይ የቆመ ስለነበር ባለርስቱ ሲቆጣ ወይም ሲሞት አራሹም ይነሣል። «ሰማይ አምድ የለው፣ እስላም አገር የለው» የሚለው አባባል የወጣው ከዚህ ኑሮ ነው። በመንግሥት አነጋገርም ሙስሊሞች «በኢትዮጵያ የሚኖሩ ሙስሊሞች» እየተባሉ ይጠሩ ነበር። አነጋገሩ እንግድነትን ያመለክታል። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም በአዲስ አበባ በተደረገው ታላቅ ሰላማዊ ሰልፍ ሙስሊሞች የጠየቁትም «ኢትዮጵያውያን ሙስሊሞች» ለመባልና በእኩል ዜግነት ለመኖር ነበር።

የካቲት 25 ቀን 1967

ሰልፉ ዓመት ሳይሞላው፣ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም፣ የገጠር መሬትን የሕዝብ ያደረገው አዋጅ ቁጥር 31/1967 ወጣ። በአዋጁ መሠረት፦

• ጢሰኝነት ቀረ፤ አራሹ ለባለመሬቱ ምርት መክፈሉ አበቃ።
• በራሱ ጉልበት ሊያርስ የፈለገ ሁሉ፣ ወንድም ሴትም፣ መሬት የማግኘት መብት አገኘ።
• አንድ ቤተሰብ ከ10 ሄክታር በላይ እንዳይዝ ተወሰነ።
• መሬት መሸጥ፣ መለወጥና በዕዳ ማስያዝ ተከለከለ።
• በ20 ጋሻ፣ ማለትም በ800 ሄክታር ገደማ፣ አንድ የገበሬ ማኅበር ተቋቋመ፤ መሬቱን የሚያከፋፍለውም እርሱ ሆነ።

በዚህ አዋጅ ጥያቄው ተለወጠ። ቀድሞ «የማን ልጅ ነህ?» ይባል ነበር፤ አሁን «የት ትኖራለህ? ታርሳለህ ወይ?» ሆነ። በድልድሉ ቅድሚያ የተሰጠውም በቦታው ለሚኖሩት ነው፤ ከሌላ አካባቢ የመጣ ገበሬ ተራው ከነርሱ በኋላ ነበር። በዘር ሐረግ ርስት ያልነበረው ሙስሊም ገበሬ በገበሬ ማኅበሩ መዝገብ ላይ ከጎረቤቱ እኩል ስሙ የሚሰፍርበት በር በሕግ ተከፈተ። የዛሬው ቀበሌም የዚያ ገበሬ ማኅበር ወራሽ ነው።

የዛሬው ሕግ

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ እንደሆነና እንደማይሸጥ ይደነግጋል። በዚያው አንቀጽ የኢትዮጵያ አርሶ አደር መሬት በነፃ የማግኘትና ከይዞታው ያለመነቀል መብት አለው። አንቀጽ 32 ዜጋ በፈለገው ቦታ የመኖር ነፃነት ይሰጠዋል፤ አንቀጽ 25 ደግሞ በሃይማኖት ምክንያት ልዩነት ማድረግን ይከለክላል።

ዝርዝሩን የሚያወጣው ክልሉ ነው። የአማራ ክልል በ1998 ዓ.ም አዋጅ ቁጥር 133/1998ን፣ ከዚያም እርሱን የተካውን አዋጅ ቁጥር 252/2009ን አውጥቷል። በፌዴራል ደረጃም በ1997ቱ ሕግ ምትክ አዋጅ ቁጥር 1324/2016 ወጥቷል። በሁሉም ውስጥ መሠረቱ አንድ ነው፤ መብቱ በግብርና ለሚተዳደር ወይም ሊተዳደር ለሚፈልግ ነዋሪ ነው።

መብቱ በተግባር የሚገኝባቸው መንገዶች

1. ውርስና ስጦታ። ጋይንትና ስማዳ መሬቱ የተራቆተ፣ ሕዝቡ የበዛበት አገር ስለሆነ ዛሬ ለአዲስ አባወራ የሚደርስ ትርፍ መሬት የለም ማለት ይቻላል። ወጣቱ በአብዛኛው መሬት የሚያገኘው ከወላጆቹ ነው። የሚተላለፈው ግን መሬቱን የመጠቀም መብት እንጂ እንደ ቤትና ከብት የግል ንብረት የሆነ መሬት አይደለም።

2. የወል መሬት። መሬት የሌላቸው ወጣቶች ተደራጅተው ተከልሎ ያገገመ ተራራ ይረከባሉ። በዚያም ንብ ያንባሉ፣ ሣር ያጭዳሉ፣ ከብት ያደልባሉ።

3. ሰፈራ። ከ1995 ዓ.ም ጀምሮ በክልሉ ውስጥ በተካሄደው የሰፈራ ፕሮግራም የምግብ ዋስትና ችግር ካለባቸው ወረዳዎች ቤተሰቦች ወደ መተማና ቋራ ቆላዎች ሄደዋል። የፕሮግራሙ ደንብ ለአንድ አባወራ እስከ 2 ሄክታር የሚሰጥ ሲሆን፣ ሰፋሪው ትቶት በሄደው ቀዬ ያለው ይዞታ ለ3 ዓመት ይጠበቅለት ነበር። ከዚያ በኋላ ከሁለቱ አንዱን መምረጥ ግድ ነው፤ አንድ ሰው የሁለት ቀበሌ ገበሬ ሊሆን አይችልምና።

4. የእኩልና የኪራይ እርሻ። ይህ እንጀራ ያበላል፣ ይዞታ ግን አይሰጥም። የሰው መሬት አሥር ዓመት ያረሰ ሰው ባለይዞታ አይሆንም። በእኩል ማረስ በሸሪዓም የታወቀ ነው፤ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) የኸይበርን መሬት ለነዋሪዎቹ በምርቱ እኩሌታ ሰጥተዋል። ውል መጻፍና ምስክር ማቆምም ቁርኣን ያዘዘው ነገር ነው። ስለዚህ «እርሱ ወንድሜ ነው» ብሎ በቃል ከመተው ውሉን ጽፎ በወረዳው የመሬት ጽሕፈት ቤት ማስመዝገብ ሁለቱንም ወገን ከጠብ ያድናል።

ወረቀቱ፦ መሸኛ፣ መታወቂያ፣ አረንጓዴ ደብተር

ከሌላ ቀበሌ የመጣ ሰው መጀመሪያ ከነበረበት ቀበሌ መሸኛ ያመጣል፤ ከዚያ ተመዝግቦ የነዋሪነት መታወቂያ ያወጣል። ነዋሪነት ከመሬትም ሌላ ጥቅም አለው። በምርጫ ሕጉ ለመምረጥ በምርጫ ክልሉ ቢያንስ 6 ወር መኖር ያስፈልጋል። በሴፍቲኔት የሚታቀፈውም በማኅበረሰቡ ውስጥ የሚኖር ቤተሰብ ነው።

የይዞታ ማስረጃው ገበሬው «አረንጓዴ ደብተር» የሚለው ነው። ባልና ሚስት በጋራ የያዙት መሬት በሁለቱም ስምና ፎቶግራፍ ይመዘገባል። ይህ ለሴቶች ትልቅ ዋስትና ነው፤ ባል ቢሞት ወይም ቢፋቱ ሚስት «ስሜ እዚህ አለ» ማለት ትችላለች። ሁለተኛ ሚስት ያላቸው ቤተሰቦች የየትኛው ማሳ ባለመብት ማን እንደሆነች በሕይወት ሳሉ ለይተው ማስመዝገብ ይኖርባቸዋል። ደብተሩ ቢቃጠል ወይም ቢጠፋ መብቱ አብሮ አይጠፋም፤ መዝገቡ ጽሕፈት ቤቱ ዘንድ አለና። የመስጂድና የመቃብር ቦታም በግለሰብ ስም ሳይሆን በማኅበረሰቡ ተቋም ስም መመዝገቡን ጀመዓው ያረጋግጥ።

መብቱ የሚታጣው እንዴት ነው?

በሥራ የተገኘ መብት ሥራው ሲቋረጥ ይላላል። የ1998ቱ የክልሉ አዋጅ ባለይዞታው መብቱን ሊያጣ የሚችልባቸው ካላቸው ምክንያቶች ዋናዎቹ እነዚህ ናቸው፦

• ከግብርና ውጭ በሆነ ሥራ መተዳደር፤
• የት እንዳለ ሳይታወቅና መሬቱን ሳያከራይ 5 ተከታታይ ዓመት ከቀዬው መጥፋት፤
• መሬቱን ያለ በቂ ምክንያት 3 ተከታታይ ዓመት ጦም ማሳደር፤
• ባለመንከባከብ መሬቱን ለከባድ ጉዳት ማጋለጥ።

ይህ ወደ ዐረብ አገር ለሚሄዱ ልጆቻችን ትልቅ ጉዳይ ነው። ከነፋስ መውጫም ሆነ ከወገዳ ተነሥቶ ሳዑዲ የገባ ወጣት ብዙ ጊዜ መሬቱን ለወንድሙ በቃል አደራ ሰጥቶ ይሄዳል። ሲመለስ ማሳው በሌላ ስም ሊመዘገብ ይችላል። ከመሄዱ በፊት ውክልና ሰጥቶ፣ የኪራይ ወይም የእኩል ውል አስመዝግቦ፣ ግብሩም በስሙ እንዲከፈል አድርጎ ቢሄድ ይህን ያስቀራል። የግብር ደረሰኝ በክርክር ጊዜ ጥሩ ማስረጃ ነውና አይጣል። አዋጆቹ ስለተሻሻሉ፣ በራስ ጉዳይ ላይ የሚሠራውን ድንጋጌ የቀበሌውን የመሬት አስተዳደርና አጠቃቀም ኮሚቴ ወይም የወረዳውን የመሬት ጽሕፈት ቤት መጠየቅ ያስፈልጋል።

የትናንት አያቶች ዕድሜያቸውን ሙሉ አርሰው የሰው አገር ሰው እንደተባሉ አልፈዋል። የዛሬው ገበሬ ግን በእርሻውና በመዝገቡ የሚቆም መብት አለው። ያረሰውን ማስመዝገብ፣ ያስመዘገበውንም ጦም አለማሳደር የርሱ ድርሻ ነው።